ጠላም መጠጥ ነው፦ በእርግዝና ጊዜ አልኮል መጠጣት የሚያስከትለው ጉዳትና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

በአንድ የእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ የሚደረግን የተለመደ ጥያቄና መልስ እናስብ። ባለሙያዋ መጠይቁን እየተከተለች «መጠጥ ትጠጫለሽ?» ስትል ትጠይቃለች። ነፍሰ ጡሯም «ኧረ ሲስተር፣ መጠጥ የሚባል ነገር በአፌ ዞሮ አያውቅም» ብላ ትመልሳለች። በካርዱ ላይ «አትጠጣም» ተብሎ ይጻፍና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል። ባለሙያዋ ጥቂት ቆም ብላ «ጠላስ?» ብትል ኖሮ ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር፦ «ጠላማ ምን አለው፣ ቤት የተጠመቀ ነው፤ ከምሳ ጋር አንድ ሁለት ጣሳ እጠጣለሁ።»

ይህች ሴት አልዋሸችም። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ «መጠጥ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው አረቄን፣ ቢራንና የመሸታ ቤት ልማድን ነው። ጠላ ግን ከምግብ ጋር የሚቆጠር፣ እንግዳ የሚስተናገድበት፣ ያለ እርሱም ሠርጉ፣ ክርስትናውና ማኅበሩ የማይደምቅ የቤት ዝግጅት ነው። እንዲያውም «ለነፍሰ ጡር ኃይል ይሰጣል፣ ለአራስ ወተት ያመጣል» ተብሎ በበጎ አሳቢነት የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በካርዱ ላይ «አትጠጣም» የሚል ቃል በተጻፈበት ሁሉ ፅንሱ ከአልኮል የተጠበቀ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አልኮል በፅንስ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ዛሬ የሚታወቀውን በአጭሩ ማስታወስና ይህን እውቀት ከአገራችን የአጠጣጥ ልማድ ጋር አገናኝቶ፣ ባለሙያው እንዴት ሊጠይቅና ሊመክር እንደሚገባው ማመልከት ነው።

እውቀቱ የተገኘበት መንገድ

አልኮል በፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሕክምናው ዓለም በግልጽ ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ብዙም አይበልጥም። በፈረንሳይ አገር በናንት ከተማ ፖል ለሟን የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1968 አልኮል አዘውታሪ ከሆኑ ወላጆች ስለተወለዱ 127 ሕፃናት ጻፉ። ሕፃናቱ በፊት ገጽታቸው፣ በእድገታቸው መዘግየትና በጠባያቸው እጅግ ይመሳሰሉ ነበር። ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ቋንቋ በአገር ውስጥ መጽሔት የወጣ በመሆኑ ብዙ ትኩረት ሳያገኝ ቀረ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ኬኔዝ ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ተመሳሳይ ሁኔታ ተመልክተው «ላንሴት» በተባለው መጽሔት አሳተሙ፤ በዚያው ዓመትም «የፅንስ አልኮል ሲንድረም» የሚለውን ስያሜ ሰጡት።

በዚያው ዘመን አንዳንድ ሆስፒታሎች ያለጊዜው የመጣን ምጥ ለማስቆም ኢታኖልን በደም ሥር ይሰጡ እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። አሠራሩ ከጊዜ በኋላ ተትቷል። ይህ ለእኛ ለባለሙያዎች ትሕትናን ያስተምረናል፤ ሐኪሙ ራሱ አልኮልን እንደ መድኃኒት ያዝዝ ከነበረ፣ አያቷ «ይጠቅምሻል» ብላ የሰጠቻትን ጠላ የተቀበለች እናት የምትወቀስበት ምክንያት የለም።

እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ኃላፊ ነፍሰ ጡሮች አልኮል እንዳይጠጡ መክረዋል፤ ምክሩም እ.ኤ.አ. በ2005 ይበልጥ ተጠናክሮ ወጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ በተቻለ መጠን ከእርግዝናቸው መጀመሪያ አንሥቶ፣ በየክትትሉም ስለ አልኮል እንዲጠየቁ አሳስቧል።

ችግሩ የሀብታም አገሮች ብቻ አይደለም። ከፍተኛ ስርጭት ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዷ በራሳችን አህጉር የምትገኘው ደቡብ አፍሪካ ናት። በምዕራባዊ ኬፕ የወይን እርሻዎች ለሠራተኞች የደመወዛቸው ከፊል በወይን ጠጅ ይከፈል የነበረበት አሠራር ለብዙ ዓመታት የቆየ የአጠጣጥ ልማድ ትቶ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት እንደሚያመለክተው በእርግዝናቸው ወቅት አልኮል ከጠጡ 13 ሴቶች መካከል አንዷ በአልኮል ምክንያት በአንድ ወይም በሌላ ደረጃ የተጎዳ ልጅ ትወልዳለች። ይህ አኃዝ ሁለት ነገር ያስተምራል። ጉዳቱ ብርቅ አይደለም፤ ነገር ግን የጠጣች እናት ሁሉ የተጎዳ ልጅ ትወልዳለች ማለትም አይደለም።

አልኮል ወደ ፅንሱ የሚደርስበት መንገድ

የአልኮል ሞለኪዩል ትንሽና በቀላሉ የሚሟሟ በመሆኑ የእንግዴ ልጅ ሊያግደው አይችልም። እናቲቱ ከጠጣች ብዙም ሳይቆይ በፅንሱ ደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን ከእርሷ ደም ጋር ይቀራረባል። የአዋቂ ሰው ጉበት አልኮልን የሚሰባብር ኢንዛይም በበቂ መጠን ሲኖረው የፅንሱ ጉበት ግን ይህ አቅም ገና አልዳበረለትም። ስለዚህ ፅንሱ ከአልኮሉ ለመገላገል በአብዛኛው የእናቱን ጉበት ይጠብቃል። በተጨማሪም አልኮል በእንሽርት ውሃ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፅንሱም ውሃውን ስለሚውጥ የተጋላጭነቱ ጊዜ ይረዝማል።

ጉዳቱ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አልኮልና ከእርሱ የሚገኘው አሲታልዲሃይድ ሕዋሳትን በቀጥታ ይመርዛሉ፤ የአእምሮ ሕዋሳት ያለጊዜያቸው እንዲሞቱ፣ ወደተመደበላቸው ቦታ የሚያደርጉት ጉዞም እንዲዛባ ያደርጋሉ። በእንግዴ ልጅና በእትብት የደም ሥሮች ላይ በሚያመጣው ለውጥ ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ሊቀንስ ይችላል። እንደ ፎሊክ አሲድና ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮችም በአግባቡ እንዳይደርሱት ያውካል። በምግብ እጥረትና በደም ማነስ የተጎዳች እናት ፅንስ ይበልጥ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

በየትኛው የእርግዝና ወቅት?

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ በተለይም ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው የፅንስ እድገት ጊዜ፣ የአካል ክፍሎች ይመሠረታሉ። የፊት ቅርጽ፣ የልብ፣ የኩላሊትና የአጥንት ጉድለቶች መነሻቸው በአብዛኛው ይህ ወቅት ነው። ችግሩ ብዙ ሴቶች በዚህ ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አለማወቃቸው ነው። የውርጃ አደጋም ይጨምራል። በቀጣዮቹ ወራት የሚወሰድ አልኮል የፅንሱን ክብደትና ቁመት ይቀንሳል፤ ያለጊዜው የመወለድና ሞቶ የመወለድ አደጋንም ያባብሳል።

አእምሮ ግን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንሥቶ እስከ ወሊድ ድረስ ያለማቋረጥ የሚገነባ አካል ነው። ስለዚህ «ሦስት ወር ካለፈ አይጎዳም» የሚለው አባባል መሠረት የለውም። በዚያው ልክ «እስካሁን ጠጥታለች፣ አሁን ብትተው ምን ይጠቅማል» የሚለውም ስሕተት ነው፤ በየትኛውም ወር ማቆም ከዚያ በኋላ ያለውን የአእምሮ እድገት ይታደጋል።

በልጁ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ሙሉው የፅንስ አልኮል ሲንድረም በሦስት ነገሮች ይታወቃል። የመጀመሪያው የፊት ገጽታ ነው፦ የዐይን ክፍተት ማጠር፣ ከአፍንጫ ሥር ወደ ላይኛው ከንፈር የሚወርደው ቦይ መደልደልና የላይኛው ከንፈር መሳሳት። ሁለተኛው ከወሊድ በፊትም ሆነ በኋላ የሚታይ የክብደትና የቁመት ማነስ ነው። ሦስተኛው የአእምሮ ጉዳት ሲሆን፣ የጭንቅላት ዙሪያ ማነስን፣ የሚጥል በሽታን፣ የአእምሮ ዝግመትን ወይም የጠባይና የትምህርት ችግርን ያጠቃልላል።

ሆኖም ከተጎዱት ልጆች የሚበዙት የፊት ምልክት የላቸውም። መልካቸው እንደ ማንኛውም ልጅ ሆኖ ነገር ግን የተማሩትን ይረሳሉ፤ ማተኮር ያቅታቸዋል፤ ቁጥር ይከብዳቸዋል፤ የሠሩት ጥፋት የሚያስከትለውን አስቀድመው ማሰብ ይሳናቸዋል። እንዲህ ያለ ልጅ በቤት «ባለጌ»፣ በትምህርት ቤት «ሰነፍ» እየተባለ ሊያድግ፣ ሊገረፍና ትምህርቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ጉዳቱ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅና የሚያድን መድኃኒት የሌለው ቢሆንም፣ አስቀድሞ ከታወቀ ቤተሰቡና መምህሩ ልጁን በሚገባው መንገድ ሊረዱት ይችላሉ። ለዚህ ደግሞ የእናቲቱ የመጠጥ ታሪክ በእርግዝና ካርዷ ላይ በትክክል መመዝገቡ ወሳኝ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ልጁን የሚመረምር ባለሙያ ይህን ታሪክ ከሌላ ከየትም ላያገኘው ይችላል።

«ትንሽ አይጎዳም» ስለሚባለው

በብዛት መጠጣት፣ በተለይም በአንድ ጊዜ ብዙ መጠጣት፣ እጅግ አደገኛ መሆኑ አያከራክርም። በጥቂት መጠን ስለሚወሰድ አልኮል የተደረጉ ጥናቶች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት አላሳዩም። ከዚህ የሚገኘው ትክክለኛ ድምዳሜ «ጥቂቱ አይጎዳም» የሚል ሳይሆን «ከዚህ በታች አይጎዳም ሊባል የሚችል የታወቀ መጠን የለም» የሚል ነው። የእናቲቱ ክብደት፣ የአመጋገቧ ሁኔታና በዘር የወረሰችው አልኮልን የመሰባበር አቅም ይለያያሉ። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ የመጠጡ ጥንካሬ ራሱ አይታወቅም።

የቤት ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ አልኮል ይኖረዋል፤ የተጣራው ወይም «ፊልተር» የሚባለው ከዚህ ይበልጣል። ጠጅ ከ7 እስከ 11 በመቶ ገደማ ሲሆን አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይደርሳል። አረቄ ደግሞ 40 በመቶ አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ የአንዷ ቤት ጠላ ከሌላዋ፣ ዛሬ የተቀዳውም ከድፍድፉ ላይ ከሰነበተው ይለያል፤ ቅራሪ እንኳ ከአልኮል ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

የአልኮሉን ክብደት ለማስላት የመጠጡን ሚሊ ሊትር በአልኮሉ መቶኛ አባዝቶ ለ100 ማካፈል፣ ከዚያም በ0.8 ማባዛት ይበቃል። በዚህ ስሌት መሠረት፦

ግማሽ ሊትር ጠላ በ4 በመቶ፦ 16 ግራም ገደማ
330 ሚሊ ሊትር ቢራ በ5 በመቶ፦ 13 ግራም ገደማ
50 ሚሊ ሊትር አረቄ በ40 በመቶ፦ 16 ግራም ገደማ

ግማሽ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ጠላ የያዘው አልኮል ከአንድ ጠርሙስ ቢራ የማያንስ፣ ከአንድ መለኪያ አረቄም ጋር የሚተካከል ነው ማለት ነው። በቀን ሁለት ጣሳ የምትጠጣ ነፍሰ ጡር ሁለት መለኪያ አረቄ የመጠጣት ያህል አልኮል ታገኛለች። «አረቄማ አልደርስበትም» የምትል እናት ይህን ንጽጽር ስትሰማ ነገሩ ወዲያው ይገባታል።

እንዴት እንጠይቅ?

ጥያቄው ለሁሉም ነፍሰ ጡር መቅረብ አለበት። በአለባበሷ፣ በሃይማኖቷ ወይም በኑሮ ደረጃዋ ገምተን የምናልፋት ሴት ልትኖር አይገባም። የሚቻል ከሆነ ባሏና አማቷ በሌሉበት፣ ሁሉም እናቶች የሚጠየቁት መሆኑን በማስረዳት መጀመር ይጠቅማል። ከዚያም፦

1. መጠጡን በስሙ መጥራት፦ ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ ወይን፣ አረቄ፤ እንደየአካባቢው ልማድም ቦርዴ፣ ኮረፌና ሌላውን።
2. መጠኑን በዕቃው መጠየቅ፦ በጣሳ ነው፣ በዋንጫ፣ በብርሌ ወይስ በመለኪያ? በሳምንት ስንት ቀን? በአንድ ቀን ብዙ የጠጣሽው ስንት ነው?
3. ማርገዟን ከማወቋ በፊት የነበረውን ጊዜ ለይቶ መጠየቅ። ስለዚያ ጊዜ መናገር ስለማይከብድ እውነተኛው ልማድ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።
4. እርሷ ራሷ ጠላ የምትጠምቅ ወይም አረቄ የምታወጣ መሆኗን መጠየቅ።

ብዙ የምትጠጣ መስሎ ከታየ ለነፍሰ ጡሮች የተዘጋጀው «ቲ-ኤይስ» የተባለ አጭር መጠይቅ ይረዳል። ሞቅ እንዲላት ምን ያህል መጠጣት እንዳለባት፣ ሰዎች ስለ መጠጧ ሲናገሯት ይከፋት እንደሆነ፣ መቀነስ አለብኝ ብላ አስባ እንደሆነ፣ ጠዋት እንደተነሣች ጠጥታ ታውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ሞቅ እንዲላት ከሁለት በላይ የሚያስፈልጋት ከሆነ 2 ነጥብ፣ ለሌሎቹ እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 2ና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ክትትል ያሻታል።

ምክር አሰጣጥ

ምክሩ አጭር፣ ግልጽና ወቀሳ የሌለበት ይሁን። ለምሳሌ፦ «እህቴ፣ አንቺ የጠጣሽው ጠላ ለልጅሽም ይደርሰዋል። የእርሱ ጉበት ገና ስለሆነ እንዳንቺ ሊያስወግደው አይችልም። እስክትወልጂ ድረስ ጨርሶ ብትተዪው ይሻላል፤ ከዛሬ ጀምሮ ብትተዪው ይጠቅመዋል።» ከዚህ በኋላ ምን እንደሚያስቸግራት መጠየቅና ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የመጠጡ አምሮት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ሠርግ ቤት «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ሲባል እምቢ ማለት አስተናጋጁን እንደ መናቅ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ባለሙያው ሊሰጣት የሚችለው ትልቅ መሣሪያ «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል የሚያከብር ማኅበረሰብ ውስጥ ስለምንኖር፣ በስማችን እንድትጠቀምበት በግልጽ ልንፈቅድላት ይገባል። ባሏና አማቷ በሌላ ቀን አብረዋት ቢመጡና ምክሩን ከባለሙያው አፍ ቢሰሙ ደግሞ ጫናው ይቀልላታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቤቱ በሚያደርጉት ጉብኝት መልእክቱን ለቤተሰቡ ሁሉ ማድረስ ይችላሉ። ጠላው ኃይል ይሰጣል ለሚሉት በምትኩ በሶ፣ የአጃ አጥሚትና ሳይሰነብት የሚጠጣ ትኩስ ብርዝ እንዲያቀርቡላት፣ ለደሟም የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒኗን እንዳታቋርጥ መምከር ይጠቅማል።

በልዩ ሁኔታ መታየት ያለባቸው ሦስት እናቶች አሉ።

የመጀመሪያዋ ማርገዟን ሳታውቅ የጠጣች ናት። ይህች እናት በድንጋጤ ልትጨነቅ፣ አንዳንዴም እርግዝናውን ስለማቋረጥ ልታስብ ትችላለች። የብዙዎቹ ልጆች ሁኔታ መልካም መሆኑን፣ ማቆሟ ትልቁ እርዳታ መሆኑን ማስረዳትና ክትትሏን ማጠናከር ይገባል።

ሁለተኛዋ ጠላ ጠምቃ ወይም አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ ናት። «ሥራውን ተዪ» ማለት ጎጆዋን ማፍረስ ነው፤ እንዲያ ከተባለች ወደ ክትትሉ ላትመለስ ትችላለች። የሚሻለው በሥራዋ ላይ ሆና ራሷን የምትጠብቅበትን መንገድ አብሮ መፈለግ ነው፤ ቅምሻውን ሌላ ሰው እንዲቀምስላት፣ ካልሆነም ቀምሳ እንድትተፋ፣ ከደንበኛ ጋር አብራ እንዳትጠጣ መምከር ይቻላል።

ሦስተኛዋ በአልኮል ጥገኝነት የተያዘች ናት። ጠዋት እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልባት፣ ካልጠጣች እረፍት የማታገኝ ከሆነ «ዛሬውኑ በአንድ ጊዜ አቁሚ» ብሎ ወደ ቤት መስደድ አደገኛ ነው። ድንገተኛ ማቆም የሚጥል ሕመምና ቅዠት አምጥቶ እናቲቱንም ፅንሱንም ሊጎዳ ይችላል። ይህች እናት ወደ ሆስፒታል ተልካ በሐኪም ክትትል ሥር ልታቆም ይገባል። የማቆም ምልክቶች ሲታዩ በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ቤንዞዳያዜፒን ለአጭር ጊዜ መስጠትን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይመክራል፤ የቫይታሚን ቢ1 እጥረትም አብሮ ሊታሰብበት ይገባል።

ከወሊድ በኋላ

ለአራስ ጠላ የሚሰጠው ወተት ያበዛል በሚል እምነት ነው። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። አልኮል ወተት እንዲፈስ የሚያደርገውን የኦክሲቶሲን ሆርሞን ያዳክማል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናትም እናቶቻቸው አልኮል ከጠጡ በኋላ ሕፃናት የሚጠቡት ወተት እንደሚቀንስ አሳይቷል። በወተቱ ውስጥ ያለው የአልኮል መጠንም በእናቲቱ ደም ውስጥ ካለው ጋር የተቀራረበ ነው። ስለዚህ በማጥባት ጊዜም አለመጠጣት ይመረጣል። ነገር ግን ምክራችን እናቲቱን ጡት እንድታስጥል የሚገፋፋት ሊሆን አይገባም፤ የሚቀረው ጠላው እንጂ ጡቱ አይደለም።

ማጠቃለያ

አልኮል በፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚድን አይደለም፤ አስቀድሞ መከላከል ግን ሙሉ በሙሉ ይቻላል። ለዚህ ውድ መሣሪያም ሆነ አዲስ መድኃኒት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ነፍሰ ጡሯን በምታውቀው ቃል መጠየቅ፣ መልሷን በትዕግሥት መስማት፣ በካርዷ ላይ በትክክል መጻፍና በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ደግሞ መጠየቅ ነው። «መጠጥ ትጠጫለሽ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ጠላስ?» የምትለው አንዲት ቃል የምትወስደው ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ አይበልጥም። ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቢቀር ግን ዋጋውን ልጁ ዕድሜውን በሙሉ ሲከፍል ሊኖር ይችላል።